ከዚራን በነፃ ፓርኪንግ? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ድሬዳዋ የበዓል ገበያ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ እጄ ገባ። ጸሐፊው ተቆርቋሪ ናቸው፤ ያስታውቃል። የነጋዴውን ብሶትም አሳምረው ጽፈውታል። ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ የድሬ የበዓል ገበያ የቀዘቀዘው መኪና ማቆሚያ ስለጠፋ ነው። ገንዘብ ያለው ገዢ የሚመጣው በመኪና ነው፤ የመሀል ከተማውን ሰፈር ከዚራን ዞሮ ዞሮ ቦታ ሲያጣ ተናዶ ይመለሳል። ቦታ ቢያገኝም አንዱ ልጅ ትኬት ይዞ ይመጣበታል፤ አለዚያም ትራፊክ ታርጋውን ይፈታበታል። ስለዚህ ከየበዓሉ በፊት ሁለት ሳምንት በከዚራና በቀፊራ ገበያ ዙሪያ ፓርኪንግ ነፃ ይሁን፤ የሰዓት ገደብም አይኑር። ባጃጅ ለጊዜው ከመሀል ከተማ ይውጣ። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ተደልድሎ መኪና ይቁምበት። አሜሪካኖችም ለገና እንዲሁ ነው የሚያደርጉት ይላሉ።

ከታርጋው ጉዳይ በቀር በአንዱም ሙሉ በሙሉ አልስማማም።

ጽሑፉ የሚነሳው ገበያው ቀዝቅዟል ከሚል ነው። እሺ፣ ቀዝቅዟል እንበል። ግን እዚያው ጽሑፍ ላይ በዋዜማ ቀን ከዚራ መኪና የሚገባበት ቀዳዳ እንደማይገኝ ተጽፏል። ሁለቱ እንዴት አብረው ይሄዳሉ? መንገዱ የተጨናነቀው ሰው ስለመጣ ነው። ሰው ስለመጣ ቦታ ጠፋ ካልን በኋላ፣ ቦታ ስለጠፋ ሰው ቀረ ማለት አንችልም።

ይልቅ የመጣው ሰው ኪሱ ውስጥ ምን ይዟል ብንል ይሻላል። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲመራ ሲወሰን አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። የድሬ የበዓል ገበያ ደግሞ ከልጆች ጫማ እስከ ቴሌቪዥን፣ ከመጋረጃ እስከ ሽቶ አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። ታይዋን የሚባለው ገበያ ገብቶ ባዶ እጁን የወጣ ሰው ዋጋ ሰምቶ እንጂ መኪና ማቆሚያ አጥቶ አይደለም። ለዒድ ለሦስት ልጆቿ ሙሉ ልብስ ትገዛ የነበረች እናት፣ አሁን ለአንዱ ጫማ፣ ለአንዷ ቀሚስ፣ ለትንሹ ደግሞ የታላቁን አሳጥራ ታብቃቃለች። መኪና ቢኖራትና ሱቁ በር ላይ ብታቆመው እንኳ የጫማው ዋጋ አይቀንስላትም።

ይህን የምለው ፓርኪንግ ችግር የለበትም ለማለት አይደለም። አለበት። ግን የገበያ መቀዝቀዝን ሁሉ እሱ ላይ ከጫንንበት መፍትሔውንም እሱ ዘንድ ስንፈልግ እንውላለን።

ወደ ገዢው ልምጣ። ገንዘብ ያለው ገዢ በመኪና ነው የሚመጣው የሚለው የጽሑፉ ምሰሶ ነው። እስኪ በበዓል ዋዜማ ቀፊራ በር ላይ፣ እነዚያ ቅስቶች ሥር ትንሽ ቆም እንበል። ከገንደ ቆሬ ዘንቢል ይዘው በእግራቸው የመጡ እናቶች አሉ። ከሳቢያን በባጃጅ የመጡ አሉ። ከመልካ ጀብዱ በሚኒባስ የመጡ አሉ። ከገጠር አትክልትና ቅቤ ይዘው መጥተው፣ ሸጠው፣ በዚያው ብር ለቤታቸው ጨርቅና ስኳር የሚገዙ የኦሮሞና የሶማሌ ገበሬዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች ሻጭም ገዢም ናቸው፤ ድርብ ደንበኛ። ሽንኩርቱ፣ ዶሮው፣ እንቁላሉ፣ ቅቤው የሚያልቀው በእነሱ ነው። የመኪናው ባለቤት አለ፤ አልካድኩም። ከመቶው ስንቱ ነው የሚለው ነው ጥያቄው።

ነጋዴ ይህን ቁጥር ሲገምት ይሳሳታል፤ የሌላ አገር ነጋዴም እንደዚያው ነው። በእንግሊዟ ብሪስቶል ከተማ በ2006 እ.ኤ.አ. ባለሱቆችን ከደንበኞቻችሁ ምን ያህሉ በመኪና ይመጣሉ ብለው ጠየቋቸው። ግምታቸው 41 ከመቶ ሆነ። ደንበኞቹ ራሳቸው ሲጠየቁ 22 ከመቶ ብቻ ነበሩ። እዚያ አገር፣ ለዚያውም አብዛኛው ቤት መኪና ባለበት! ነጋዴው ዋሽቶ አይደለም። መኪና ይዞ የመጣ ደንበኛ ሱቅ ሲገባ የመጀመሪያ ወሬው ቦታ ማጣቱ ነው። በባጃጅ የመጣችው ግን ስለ ፓርኪንግ ምን አገባት? ዋጋ ጠይቃ፣ ተከራክራ፣ ገዝታ ትሄዳለች። ባለሱቁ ጆሮ ላይ የሚቀረው ያማረረው ሰው ነው።

በመኪና የሚመጣው አንድ ጊዜ ሲገዛ ብዙ ይገዛል የሚለው ላይ ትንሽ እውነት አለ። ፍሪጅ፣ ምንጣፍ፣ ፍራሽ ገዝቶ በእግሩ የሚሄድ የለም። ግን ፍሪጅ የገዛ ሰው የሚፈልገው ምንድን ነው? ሱቁ በር ላይ ለአሥር ደቂቃ ቆሞ መጫኛ ቦታ። ሙሉ ቀን መቆሚያ አይደለም። እንዲያውም ሙሉ ቀን የቆመ መኪና ነው መጫኛውን የሚዘጋበት።

እዚህ ላይ ጽሑፉ ሌላም ነገር አደባልቋል። ከዚራንና ቀፊራን እንደ አንድ ሰፈር ነው ያያቸው። ከዚራ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰ በኋላ በፕላን የተሠራ ነው፤ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ሰፋ ያለ፣ ዛፍ የተተከለበት። መኪና ዳር ይዞ ቢቆም ሌላው ያልፋል። ከደቻቱ ማዶ መጋላ ግን በሰውና በግመል እግር የተቀየሰ ሰፈር ነው። ቀፊራ ያለው እዚያ ነው። እዚያ አንድ ፒክአፕ ቆመ ማለት ጋሪው ቆመ፣ ባጃጁ ቆመ፣ ቲማቲም መሬት ላይ የዘረጋችው ሴትም ተነሳች ማለት ነው። ለከዚራ የሚሠራ ደንብ ለቀፊራ አይሠራም። ቀፊራ ዙሪያ በዋዜማ ቀን መኪና ባይቆም ነው የሚሻለው፤ በነፃ ቁም ማለትማ ጭራሽ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከዚራ ላይ ቦታውን የያዘው ማነው?

ጸሐፊው ሱቅ እንዳላቸው ጽፈዋል። ጠዋት 2 ሰዓት ካልደረሱ ሱቃቸው ፊት ለፊት ቦታ እንደማያገኙም አማርረዋል። ይቅር ይበሉኝና መልሱን ራሳቸው ጽፈውታል። ጠዋት 2 ሰዓት ከዚራ ላይ የቆመ መኪና የደንበኛ አይደለም። ደንበኛው በዚያ ሰዓት ገና ፉሉን እየበላ ነው። የቆመው የባለሱቁ ነው፤ የጎረቤቱ ባለሱቅ ነው፤ የባንኩ ሠራተኛ፣ የፋርማሲው ባለቤት፣ ፎቅ ላይ ቢሮ ያለው ሰው ነው። የሰዓት ገደብ አይኑር ሲባል ቦታው ለእነዚህ ሰዎች ይሰጥ ማለት ነው። ለሸማቹ የተሰጠ መስሎ ለሻጩ ይሄዳል።

ድሬ ላይ ደግሞ ይህ ነገር ከሌላ ከተማ ይብሳል። ምክንያቱ ፀሐይ ነው። የድሬ ሰው መኪናውን የሚያቆመው ቅርብ ቦታ ፈልጎ አይደለም፤ ጥላ ፈልጎ ነው። ከዚራ ላይ ጥሩ ጥላ ያላቸው ዛፎች ያሉት ደግሞ ሱቆቹ ፊት ለፊት ነው። ጠዋት ጥላ ሥር የገባ ሰው ቀኑን ሙሉ አይለቅም። ለቅቆ ሲመለስ ፀሐይ ላይ ካቆመ መሪው እጁን ይጠብሰዋል፤ ወንበሩም አያስቀምጥም። ከ6 ሰዓት በኋላ ሱቁ ይዘጋል። ባለቤቱ ለምሳ፣ ለበርጫ ወይም ለእንቅልፍ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ መኪናው እዚያው ነው፤ ሰፈሩ ቅርብ ከሆነ በእግሩ ወይም በባጃጅ ደረስ ብሎ ይመጣል። 10 ሰዓት ላይ ከተማው እንደገና ነፍስ ሲዘራ ሸማቹ ይወጣል። ጥላው ሥር ያለው ቦታ ግን ከጠዋት ጀምሮ ባለቤት አለው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ሱቅ ጠዋት ለአራት ሰዓት ያህል፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ደግሞ ለሌላ አራት ሰዓት ሠራ እንበል። አንድ መኪና የያዘው ቦታ በቀን አንድ ሰው አስተናገደ። በየግማሽ ሰዓቱ ቢለቀቅ 16 መኪና ያስተናግዳል። ከዚራ ላይ አንድም ሜትር አስፋልት ሳይጨመር ማለት ነው። አንድ ሻይ አዝዞ እስከ ማታ ወንበር የሚይዝን ሰው ቤቱ በደንበኛ ሞልቷል አንልም አይደል?

የሚገርመው፣ የፓርኪንግ ክፍያ ራሱ የተፈጠረው በዚሁ ምክንያት ነው። የዓለም የመጀመሪያው የፓርኪንግ ቆጣሪ የተተከለው በ1935 እ.ኤ.አ. በአሜሪካዋ ኦክላሆማ ሲቲ ነው። ሐሳቡን ያመጣው ካርል ማጊ የሚባል የጋዜጣ ሰው ነበር። መሀል ከተማ የሚሠሩ ሰዎች ጠዋት መንገድ ዳር ያቆሙትን መኪና እስከ ማታ ስለማያነሱት ሸማቹ ቦታ አጣ፤ ነጋዴው ጮኸ። ማጊም ለከተማው ንግድ ምክር ቤት መላ ሲፈልግ ነው ቆጣሪውን ያመጣው። ዋጋው ለአንድ ሰዓት 5 ሳንቲም ነበር። እንግዲህ ዛሬ ጸሐፊው የነጋዴ ጠላት አድርገው የሳሉት ክፍያ የተወለደው ለነጋዴው ተብሎ ነው።

ከማጊ በኋላ ጉዳዩን እንደ ዶናልድ ሹፕ ያጠና ሰው ብዙም የለም። በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነበሩ፤ በ2025 እ.ኤ.አ. ነው ያረፉት። ምክራቸው አጭር ነው። ክፍያው ከፍም ዝቅም ይበል፣ ግቡ በየመንገዱ አንድ ሁለት ቦታ ምንጊዜም ክፍት እንዲሆን ነው። ክፍት ቦታ ካለ የሚዞር መኪና አይኖርም። ቦታው ሁሉ ባዶ ከሆነ ዋጋው በዝቷል፤ አንድም ከሌለ አንሷል። ነፃ ማለት ደግሞ ከሁሉም ያነሰ ዋጋ ነው። በጣም በሚፈለግበት ሰሞን ዋጋውን ዜሮ አድርጎ ቦታ ይገኛል ብሎ መጠበቅ፣ በዋዜማ ዶሮ በነፃ ይታደል ብሎ ለሁሉም ይዳረሳል እንደማለት ነው። ቀድሞ የነቃ ወስዶት ያድራል።

አሜሪካኖችም ለገና ነፃ ያደርጋሉ የተባለው ውሸት አይደለም። ብዙ ከተሞች በታኅሣሥ ቆጣሪውን ይሸፍኑታል። ግን ጽሑፉ የዘለለው ነገር አለ። ከእነዚህ ከተሞች ብዙዎቹ ክፍያውን ቢያነሱም የሰዓት ገደቡን አያነሱም። ሁለት ሰዓት በነፃ ቁም፣ ከዚያ ልቀቅ ነው የሚሉት። የነሱ የበዓል ገበያም አንድ ወቅት ነው፤ ከኅዳር ማለቂያ እስከ ገናቸው።

የእኛስ? ጸሐፊው ይህን አንድ ጊዜ እንኳ ቁጭ ብለው የቆጠሩት አልመሰለኝም። እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ፋሲካ፣ ዒድ አልፈጥር፣ ዓረፋ። አምስቱን ትልልቆቹን ብቻ ወስደን ለእያንዳንዱ ሁለት ሳምንት ብንሰጥ 70 ቀን ነው። መስቀል፣ ጥምቀትና መውሊድ አልገቡም። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ሲነግሥ ከአዲስ አበባም ከየትም የሚመጣው ሕዝብ ድሬን ሞልቶ ነው የሚያልፈው፤ ከዚያ እስከ ገና አሥር ቀን ብቻ ነው። አንዳንድ ዓመት ደግሞ በዓላቱ ይደራረባሉ፤ በ2015 ፋሲካና ዒድ አልፈጥር በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው የዋሉት። የሙስሊሙ በዓል በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ቀደም ብሎ ስለሚመጣ፣ ይህን ደንብ የሚያወጣው ቢሮ በየዓመቱ አዲስ ካሌንደር ሲያወጣ ሊኖር ነው። በዓል የማይቀርባት ከተማ ውስጥ "የበዓል ልዩ ደንብ" ማለት ራሱ ብዙ አያስኬድም። የሚያስፈልገው ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ደንብ ነው።

ሰዓቱም እንደዚያው ነው። ማንኛውም ቢሮ የሚያወጣው ደንብ በቢሮ ሰዓት ነው የሚጀምረውና የሚያልቀው። የድሬ ገበያ ግን በቢሮ ሰዓት አይሠራም። በረመዳን መጨረሻ አሥር ቀናት ሕዝቡ የሚወጣው ጾም ከተፈታ በኋላ ነው። የረመዳን የማታ ስግደት ተራዊሕ ተሰግዶ ሲያልቅ ገበያው ገና መሞቁ ነው። ልጆች ጫማ ሲለኩ፣ እናቶች ሲከራከሩ፣ መብራት በርቶ ሙዚቃው ሲጮህ እኩለ ሌሊት ይቃረባል። ፓርኪንጉ የሚያስፈልገው በዚያ ሰዓት ነው። ጽሑፉ የሚያወራው ግን ስለ ቀኑ ብቻ ነው። ከቀትር እስከ 10 ሰዓት ድሬ ላይ ክፍያም ገደብም ባይኖር አንድም ሰው አይጎዳም፤ ያኔ መንገዱን ውሻም አያቋርጠውም። ከ10 እስከ ማታ 4 ሰዓት ነው ገደቡ መጥበቅ ያለበት።

ባጃጅ ይውጣ የሚለው ሐሳብ ላይ ብዙ መጻፍ አልፈለግሁም ነበር። ግን ድሬን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲጽፍ ዝም አይባልም። ባጃጅ ሌላ ከተማ ላይ ብርቅ በነበረበት ጊዜ እንኳ እኛ ዘንድ ተራ ነገር ነበር። ዛሬ ገዢውን ቤቱ በር ላይ ወስዶ የሚያራግፈው እሱ ነው። በዋዜማ ቀን በግ ጭኖ፣ የበጉ ቀንድ በአንድ በኩል፣ የባለቤቱ ጉልበት በሌላ በኩል ወጥቶ ሲሄድ አላዩም? ያንን በግ እስከ ከተማ ዳር ድረስ በገመድ ጎትቱ ሊሉን ነው?

አቦ፣ ባጃጅ ሥርዓት የለውም የሚሉት እውነት ነው። መሀል መንገድ ላይ ይቆማል፣ ሳያይ ይዞራል፣ ሰው ሲያይ ፍሬን ይይዛል። እኔም ስነዳ ያናድደኛል። ግን ለምን መሀል መንገድ ላይ እንደሚቆም ይታይ። ዳሩ ተይዟል! የቆመ መኪና ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘግቶታል። ባጃጁ ሰው የሚያወርድበት ሁለት ሜትር ስለሌለው አስፋልቱ ላይ ያወርዳል፤ ከኋላው ያለው ጥሩምባ ይነፋል፤ ጠቅላላው ይቆማል። በየመንገዱ መግቢያ ላይ የአንድ ሁለት መኪና ቦታ ለባጃጅ ማውረጃ ቢለቀቅ፣ ያ ቦታ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንትና ስንት ገዢ ያወርዳል። ባጃጅ አይቆምም፤ አራግፎ ይሄዳል። መሀል ከተማ ውስጥ ፓርኪንግ የማይፈልግ ተሽከርካሪ ቢኖር እሱ ነው፤ ጸሐፊው እንዲወጣ የመረጡት ግን እሱኑ ነው።

የደቻቱ ነገር ደግሞ ያስደነግጠኛል።

ወንዙ በጋ ላይ ደረቅ አሸዋ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ሰው በመሀሉ ያቋርጣል፣ ልጅ ኳስ ይጫወታል፣ ከዚያም ከዚህም ይነገድበታል። ባዶ ቦታ ይመስላል። ግን ወንዝ ነው። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል፤ ቤቱን ያጣው ደግሞ በሺዎች የሚቆጠር ነው። ያንን ሌሊት ያልሰማ የድሬ ሰው የለም፤ ብዙዎቻችን የምናውቀውን ሰው ነው ያጣንበት። በሚያዝያ 2012ም ጎርፍ መጥቶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ፋሲካ ካለፈ ብዙም አልቆየም ነበር።

ይህ አጋጣሚ አይደለም። ደቻቱ የሚሞላው ድሬ ላይ በዘነበ ዝናብ ብቻ አይደለም። ውሃው የሚወርደው ከላይ፣ በደንገጎ በኩል ካለው ከፍታ ነው። ከተማው ላይ ፀሐይ እየጠበሰ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ተራራው ላይ ሊዘንብ ይችላል። ያ ውሃ ዳገቱን ይዞ ሲወርድ የሚሰጠው ጊዜ ጥቂት ነው። አሸዋው ላይ መኪና ያቆመ ሰው ቀፊራ ውስጥ ዶሮ እየመረጠ ማን ይነግረዋል? ወቅቱንም እንየው። ፋሲካ የሚውለው የበልጉ ዝናብ ባለበት ነው። እንቁጣጣሽ ክረምቱ ሳይወጣ ነው። ከአምስቱ ትልልቅ በዓላት ቢያንስ ሁለቱ ደቻቱ ሊመጣ በሚችልበት ወቅት ላይ ይወድቃሉ፤ የሙስሊሙ በዓላት ደግሞ እየዞሩ እዚያው ይደርሳሉ። መኪናው ቢሄድ መኪና ነው። ችግሩ፣ ጎርፍ መጣ ሲባል ሰው መኪናውን ሊያወጣ ወደ ወንዙ ይሮጣል። ለማቆሚያ ተብሎ አሸዋው ሲደለደልም የውሃውን መንገድ ነው የምንነካው፤ ውሃ መንገዱ ሲነካበት ወዴት እንደሚወጣ ከ1998 በኋላ ለድሬ ሰው አይነገረውም። ይህ ሐሳብ ለሙከራም ቢሆን መነሳት የለበትም።

ክፍያው የሚጠቅመው ትኬት የሚቆርጡትን ልጆች ብቻ ነው የሚለው ቅሬታ ላይ ግን ከጸሐፊው ጋር ግማሽ መንገድ እሄዳለሁ። ትኬት የሌለው ክፍያ አለ። በበዓል ሰሞን በድንገት የሚጨምር ክፍያ አለ። እኔ ራሴ አንድ ዋዜማ ላይ ደረሰኝ ስጠይቅ ልጁ ስቆ፣ "በዓል አይደል እንዴ?" ብሎኝ ያውቃል። ብሩን ሰጥቼው ሄድኩ፤ ምን ይደረግ። ግን ደረሰኝ የሌለው ክፍያ መፍትሔው ደረሰኝ ነው። ክፍያውን ማንሳት ምኑን ያስተካክለዋል? ልጁም ይሥራ፤ ሰደርያ ለብሶ ከዚራ ላይ ፀሐይ የሚበላው አማራጭ ስላጣ ነው።

የገንዘቡን መድረሻ በሚመለከት የፓሳዴና ነገር ደስ ይለኛል። ካሊፎርኒያ ያለች ከተማ ናት። አሮጌው መሀል ከተማዋ ተጎሳቁሎ ነበር። በ1993 እ.ኤ.አ. የፓርኪንግ ቆጣሪ ሊተከል ሲል ባለሱቆቹ ደንበኛ ይሸሽብናል ብለው ተቃወሙ፤ ልክ እንደ ጸሐፊው። ከተማው አንድ ቃል ገባላቸው። ከእናንተ መንገድ ላይ የሚሰበሰበው ብር እዚያው መንገድ ላይ ይውላል አላቸው። ያኔ ተስማሙ። በሰዓት አንድ ዶላር ተቆረጠ። ገንዘቡ ለእግረኛ መንገድ፣ ለመብራት፣ ለጽዳት ዋለ፤ ሰፈሩም ተነሳ። አሁን ወደ ቀፊራ እንምጣ። በዓል ባለፈ ማግስት ጠዋት ያለውን ቆሻሻ፣ የሽንኩርት ልጣጩን፣ የዶሮ ላባውን፣ ማታ ማታ የጨለመውን ጥግ ሁሉም ያውቀዋል። ከዚራ ላይ የከፈልኩት ብር ቀፊራ ላይ አምፖል ሆኖ ባየው በደስታ ነው የምከፍለው። ባለሱቁም የሚያጉረመርመው የት እንደሚገባ ስላላየው ነው።

ፎቅ ያለው ፓርኪንግ ይሠራ የምትል አንዲት መስመርም ጽሑፉ ላይ አለች። ይሠራ፤ ማን ይጠላል። መጪው በዓል ግን አይጠብቀውም። መንገድ ላይ በነፃ እየቆመም ፎቅ ላይ ከፍሎ የሚወጣ ሰው የለም።

በታርጋው እስማማለሁ ብያለሁ። አምስት ደቂቃ የቆመን ሰው ታርጋ ፈትቶ በዋዜማ ቀን ቢሮ ለቢሮ ማንከራተት ቅጣት አይመስለኝም፤ በቀል ነው። ሰውየው ግማሽ ቀኑን ያጣል፣ የቤቱ በዓል ይበላሻል። በዚያ ላይ ታርጋው ተፈታም አልተፈታም መኪናው እዚያው ቆሟል! ቦታው አልተለቀቀም። ከገደቡ ላለፈ በየሰዓቱ የሚጨምር ክፍያ፣ እዚያው ተከፍሎ እዚያው የሚያልቅ፣ ከታርጋ መፍታት ይልቅ መኪና ያስነሳል።

ለመጪው በዓል ታዲያ ምን ይደረግ? ጠቅላላ ከተማውን መንካት አያስፈልግም። አንድ የከዚራ መንገድ ይመረጥ። ከዋዜማው በፊት ባለው ሳምንት፣ ከ10 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት፣ ከአንድ ሰዓት በላይ መቆም አይቻል። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነፃ ይሁን፤ ለጸሐፊው ሐሳብ ያህል። በመንገዱ ሁለት ጫፍ ለባጃጅ ማውረጃ፣ መሀል ላይ ለዕቃ መጫኛ ቦታ ይከለል። ታሪፉ ታፔላ ላይ ይጻፍ፤ ልጆቹ ደረሰኝ ይያዙ። ረመዳን ከሆነ ሰዓቱ ከተራዊሕ በኋላ ወዳለው ይሸጋሸግ። ባለሱቆቹም በዚያ ሳምንት የሸጡትን ካለፈው በዓል ጋር ያወዳድሩት።

መንገዱ የጸሐፊው ሱቅ ያለበት ቢሆን ደስ ይለኛል። መኪናቸውን ግን ሌላ ቦታ ማቆም ይኖርባቸዋል።